የአብዱሽ ሰዓት ቤት በየት ነው?

በሁለት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ ውስጥ መንገድ የሚጠይቅ ሰው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሌላው ሕዝብ ጠፍቶ አያውቅም። ሕፃን ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ከጆሮው ጀርባ ፍሬ የምትባል ትንሽ መንገድ መሪ ትለጠፍለታለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ «አሥራ አራት እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ» እያለች ትምህርት ቤት ታደርሰዋለች፣ ሥራ ታደርሰዋለች፣ ሠርጉ ላይ ታደርሰዋለች። የሞተ ዕለት ደግሞ ለቀስተኛው አንድ ሳያረፍድ፣ የማንንም መቃብር ሳይረግጥ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተሰልፎ ይገኛል። ምናልባት ሰው ሰውን መንገድ ከጠየቀ በጠያቂው ስም ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ትበራለች። ነጥቧ «ክፍተት» ትባላለች። አንድ ዜጋ የሆነ ቦታ ፈልጎ ከተማዋ ሳታደርሰው ቀረች ማለት ነው፤ ለከተማ ደግሞ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

ሌሎቹ ከተሞች ክፍተታቸውን ከደፈኑ ቆይተዋል። ድሬ ላይ ግን በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ሲል ደቻቱ ድልድይ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ዓውደ ዓመት የለ፣ ሰንበት የለ።

ነጥቧ የጋሽ ምንውዬለት ናት። ጋሽ ምንውዬለት ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዓይኖቹን የዓይን ግፊት ወስዶበታል። ከዚያ በፊት ቬንትሌተር ጠጋኝ ነበር። እሱ የጠገነው ቬንትሌተር ሲበራ ጎረቤት ጉንፋን ይይዘው ነበር ብለው የሚምሉ ሰዎች ዛሬም መጋላ ሠፈር ውስጥ አሉ።

ዘንድሮ ከተማዋ የዜሮ ክፍተት ምስክር ወረቀት ልትወስድ ቆርጣ ተነሣች። የመንገድ ተደራሽነት ቢሮው ቀን ቆረጠ። ወይ እስከ ግንቦት ሠላሳ ነጥቧ ትጠፋለች፣ ወይ ሰውዬው ከከተማ ውጭ ወዳለው የማረፊያ መንደር ይዛወራል። መንደሩ ክፉ ቦታ አይደለም። ምግቡ ወደ ሰውየው ይመጣል፣ ሐኪሙ ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ይመጣል። መንገድ ብቻ የለውም።

ጉዳዩ ሒክማ ጀማል እጅ ላይ ወደቀ። ሒክማ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ አፕ መንደፍ የምትማር፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ተመራቂ ሁሉ አንድ አንድ እውነተኛ ሰው ይሰጠዋል። ለዚያ ሰው የሚሆን አፕ ነድፎ ካላስደሰተው ወረቀቱን አያገኝም።

መምህርት ቢፍቱ የተጠቃሚ ካርዶቹን እያደለች መጥታ ሒክማ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች።

«ያንቺ ተጠቃሚ ነጥቡ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሒክማ።

«ምንም። ደግ ፊት ስላለሽ ነው።»

«ሰውየው አያይም አይደል እንዴ?»

«ድምፅሽም ደግ ነው። ተቀበይ፣ እጄን አታድክሚው።»

ግንቦት አንድ ቀን ሒክማ ድልድዩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሙቀቱ ቁራ መብረር ታክቶት በእግሩ የሚሄድበት ሙቀት ነው። መንገደኛው ሁሉ በላዩ የተመደበለት ጥላ እየተንሳፈፈለት ያልፋል። ጥላ በየሰዉ መንገድ ልክ የተቆረጠ ስለሆነ ከባለቤቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ጋሽ ምንውዬለት ከመጋላ በኩል ነጭ በትሩን እያንኳኳ መጣ። ድልድዩ መሐል ሲደርስ ቆመ። ጥላው ግን አልቆመም። እዚያ ቦታ መቆም የሚባል ነገር መንገዱ ውስጥ አልተጻፈም። አራት እርምጃ አልፎ ሄዶ ጠበቀው። ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ቀረ።

ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት በአጠገቡ ስታልፍ፣

«እኅቴ፣ ይቅርታ። የአብዱሽ ሰዓት ቤት በየት ነው?» አላት።

ሴትየዋ ቆመች። ጆሮዋ የነገራትን ሰማች።

«ቦታው የለም ይላል» አለችና ሄደች። ከኋላዋ የመጣው ጎረምሳም «የለም» አለው። ሦስተኛው ሳይቆም አለው። ነጥቧ በራች። ጋሽ ምንውዬለት ለሦስቱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ጥላው ገባና ወደ ቤቱ ዞረ።

ሒክማ ተከትላ ደረሰችበት። ድሬ ላይ አንቱታ በባቡር መጥቶ በማግሥቱ ባቡር የተመለሰ ነገር ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው። ሰውን እርስዎ የምትለው ፍሬዋ ብቻ ናት።

«ጋሽ ምንውዬለት፣ ሒክማ እባላለሁ። ተማሪ ነኝ። አፕ ልሠራልህ ነው የመጣሁት።»

«አፑ ምን ሊያደርግልኝ?»

«ወደምትፈልገው ቦታ ሊያደርስህ።»

«ቤቴ እየደረስኩ አይደል?»

«አብዱሽ ሰዓት ቤት ማለቴ ነው።»

ቆመ። ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። «ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። ግን ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ፊቱ ላይ ብቅ ያለው ነገር ተመልሶ ገባ። «እንዲያ ከሆነ ሥሪ አቦ» አለ። «እኔ ምን ገዶኝ።»

ሒክማ ካርዱን ሞላች። ስም፣ ምንውዬለት። ችግር፣ አያይም። ፍላጎት፣ አብዱሽ ሰዓት ቤት መድረስ። እንዴት ያለ ቀላል ካርድ ነው እያለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ሥራውን ግን በቀላሉ አልያዘችውም። አራት ቀን ሙሉ ዓይኗን በሻሽ አስራ፣ በትር ተውሳ፣ መጋላን ዞረች። በሁለተኛው ቀን ከአህያ ጋር ተጋጨች። አህያዋ ይቅርታ ሳትጠይቅ ሄደች። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ገባት። «አሥራ አራት እርምጃ» የሚለው ምክር የተጻፈው ለሚያይ ሰው ነው። የማያይ ሰው እርምጃ እየቆጠረ ሲሄድ ሐሳቡ በሙሉ ቁጥር ላይ ይቀራል፤ ሰላም የሚለውን እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የዳቦ ሽታ የሚጀምርበትን ጻፈች። ከቀጭኗ መተላለፊያ የሚወጣው ነፋስ ግራ ጉንጭ ላይ የሚያርፍበትን ጻፈች። የግንቡ ወላፈን የሚያልቅበትን፣ አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ከጫማ ሥር የሚጀምርበትን ጻፈች። አዲሱ አፕ ጥቂት ቃል ነው የሚናገረው። «ዳቦ ሸተተህ? ታጠፍ።» «ነፋሷ ነካችህ? ደርሰሃል።»

ጋሽ ምንውዬለት ወደደው። «ይቺ ልጅ አፍንጫዬን ትምህርት ቤት አስገባችው» እያለ ለጎረቤት አወራ። ከተዋቸው ዓመታት ያለፋቸውን ቦታዎች ዞሮ ጎበኘ። አንድ የድሮ ደንበኛው ቤት ሄዶ ቬንትሌተሩን በጆሮው መርምሮ «ይቺ ልትሞት ነው» ብሎ ወጣ፤ እውነትም በማግሥቱ ሞተች። ክፍሉ ለሒክማ አጨበጨበ። ግንቦት ዘጠኝ ቀን አራት ሰዓት ሲል ጋሽ ምንውዬለት አዲሱን አፕ ጆሮው ላይ እንዳደረገ ድልድዩ መሐል ቆመና አንዱን መንገደኛ «የአብዱሽ ሰዓት ቤት በየት ነው?» አለው።

ነጥቧ በራች።

ሒክማ መዝገብ ቤት ገባች። የድሮ ካርታ፣ የድሮ የንግድ ፈቃድ፣ የድሮ የመብራት ቆጣሪ ዝርዝር፣ አንድ አላስቀረችም። ሦስት መቶ አርባ አብዱሽ አገኘች። ሥጋ የሚሸጥ አለ፣ ጫማ የሚሰፋ አለ፣ ጥርስ የሚነቅል አለ። ሰዓት የነካ አብዱሽ ግን በድሬ ታሪክ ውስጥ አልነበረም።

ቤቱ ሄደች። ጋሽ ምንውዬለት በተፈቱ የቬንትሌተር ክንፎች መሐል ተቀምጦ በጣቶቹ ብሎን ይለያል። በርጩማ ገፋላት።

«ጋሽ ምን፣ አብዱሽ ሰዓት ቤት የሚባል የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ፈርሶ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን ጭራሽ ኖሮም አያውቅም።»

«ኖሯል ያለሽ ማን ነው?»

ሒክማ ካርዷን አጠፈች። ሽማግሌው ብሎኑን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ከጭሮ የመጣሁ ዕለት ነው» አለ። «ልጅ ነኝ፣ በአንቺ ዕድሜ። አንድ የሠፈራችን ቀልደኛ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ድሬ ስትደርስ አብዱሽ ሰዓት ቤት ብለህ ጠይቅ፣ ሥራ ይሰጥሃል› ብሎ ላከኝ። ያኔ ስልክ ካርታ ነበረው። የኔ ባትሪ መንገድ ላይ፣ ኤረር ከተማ ስንደርስ አለቀ። ድሬ ወርጄ መጀመሪያ ያገኘሁትን ሰው ጠየቅኩ። ‹አብዱሽን? ሳቢያን ነው፣ ቀጥ ብለህ ሂድ› አለኝ። ሳቢያን ሄድኩ። የሳቢያኑ ሰው ‹ውይ፣ እሱ ወደ ለገሃሬ ከዞረ ሰነበተ› አለኝ። ለገሃሬ ስደርስ ‹ጎሮ ነው፤ አሁን በዚህ ሲያልፍ ሰላም ብሎኛል› አለኝ አንዱ።»

«የሌለ ሰው?»

«አዎ፣ የሌለ ሰው ሰላም ብሎታል።»

«ለምን ይዋሹሃል?»

«ውሸት አይደለም እኮ። እንግዳ ጠይቆሽ ‹አላውቅም› ማለት ያኔ ፊት መንሳት ነው። እጁን ባዶ መመለስ ነው። ስለዚህ የማያውቀው ሰው ነበር አጥርቶ የሚነግርሽ። የሚያውቀውማ ያመነታል።»

ሒክማ ከጆሮዋ ጀርባ ያለችውን ፍሬ ለጊዜው ረሳቻት።

«ሰባተኛ የጠየቅኳት ሉባባ የምትባል ልጅ ናት» አለ። «ጨርቅ ተራ በር ላይ ቆማለች። ‹አብዱሽ ሰዓት ቤት?› አለችኝ። ጉሮሮዋን ጠረገች። ‹ና ልሸኝህ› አለችና ሦስት ሰዓት አዞረችኝ። በየመንገዱ ስለ አብዱሽ ታጫውተኛለች። ግራ እጁ ስድስት ጣት ነው አለችኝ። አንድ ጊዜ የባቡር ጣቢያውን ሰዓት ሲጠግን ሰዓቱ ወደኋላ መዞር ጀምሮ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጅቡቲ ሲደርስ ሕፃን ሆኖ ወረደ አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ግንብ ጋ አቆመችኝና ‹ይኸው። ግን አርብ ስለሆነ ዘግቷል› አለችኝ። ግንቡ በር የለውም። ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«‹እንግዲያስ ነገ እመለሳለሁ› አልኳት። ተመለስኩ። አርባ ሦስት ዓመት ተመላለስኩ።»

ሁለቱም ሳቁ። መጀመሪያ ያቆመው እሱ ነው። ሚስቱ ሉባባ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

«እንግዲህ ድልድዩ ላይ የምትጠይቀው ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

ጋሽ ምንውዬለት የቬንትሌተሩን ክንፍ በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«አንድ ሰው ጉሮሮውን እንዲጠርግልኝ።»

ካርዱ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም።

ሒክማን ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ነገር ያዛት። ሃያ ሁለት ዓመት ስትኖር ማንም መንገድ ጠይቋት እንደማያውቅ ትዝ አላት። ማንም እጇን ይዞ አልወሰዳትም፣ እሷም ጠፍታ ማንም አልፈለጋትም። ያላየችው ነገር እንዲህ ሊናፍቃት ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ድልድዩን በዝግታ መሻገር ጀመረች፤ ሊጠይቃት ይችላል እኮ። እሱ ግን ጫማዋን ያውቀዋል።

«ሒክማ፣ ዛሬም በዚህ ነሽ?» ይላታል።

«በዚህ ነኝ። ለምን እኔን አትጠይቀኝም?»

«አንቺማ የአፑ ነሽ። አንቺን መጠየቅ ግድግዳን መጠየቅ ነው፤ አትቀየሚኝ።»

አልተቀየመችም። ትክክል ስለሆነ ነው የከፋት።

መምህርት ቢፍቱ ታሪኩን በትዕግሥት ሰማቻት። ሰዓቷን አላየችም፤ ጥሩ መምህርት ናት።

«ጥሩ ጥናት ነው» አለች። «እንግዲህ ተጠቃሚሽ የሚፈልገውን አገኘሽ ማለት ነው። የሚፈልገው ቦታ አይደለም፤ መልስ ነው። ስጪዋ።»

«የውሸት መልስ?»

«ተጠቃሚውን ማዕከል ማድረግ ማለት ምንድን ነው? አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረሽ፣ ሒክማ። ከዚያ በኋላ መንደር ነው።»

ሒክማ ሠራችው። ጋሽ ምንውዬለት ድልድዩ መሐል ሲቆም ፍሬዋ በሰው ድምፅ ቀድማ ትመልስለታለች፤ ድምፁ ከቀኝ ወይም ከግራ፣ ቀርቦ እንደቆመ መንገደኛ ይመጣል። ከክፍል ጓደኞቿ አርባ ዓይነት ጉሮሮ መጥረግ ቀዳች። አንዱ ልጅ ከመጠን በላይ ሲጠርግ ድምፁ ተዘግቶ ሦስት ቀን በምልክት ሲያወራ ሰነበተ። ሁሉም ነገር የሚያምር ሆነ። ለጋሽ ምንውዬለት ግን አልነገረችውም። እንዲያው ደስ እንዲለው ነው አለች ለራሷ።

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሽማግሌው መጥቶ ቆመ። ጥላው አራት እርምጃ አልፎ ጠበቀው። አፉን ከመክፈቱ በፊት በግራ ጆሮው በኩል አንድ ሰው ቆም አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የጠፋብህ ነገር አለ አባቴ?»

«የአብዱሽ ሰዓት ቤት በየት ነው?»

«አብዱሽን? ሳቢያን ነው እኮ። ቀጥ በል።»

ሒክማ የድልድዩን ብረት ተደግፋ ታየዋለች። ፊቱ ላይ የሆነው ነገር ምን እንደሚባል አታውቅም። ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ምርኩዙን አነሣ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሳቢያን ላይ ሌላ ድምፅ ወደ ለገሃሬ ላከው። ስድስት ሰዓት ላይ በላብ ርሶ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቀ ቤቱ ገባ። የከተማዋ ሥርዓት የሚቆጥረው ሰው ሰውን ሲጠይቅ ስለሆነ ካርታው ላይ ምንም አልበራም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ድሬ የመጀመሪያ ንጹሕ ቀኗን ዋለች።

አራት ቀን እንዲህ ሆነ። ሒክማ በድምፆቹ መቅናት ጀመረች።

በአምስተኛው ቀን የመጣችው የሴት ድምፅ ነበረች፤ ከሁሉ የተዋበችው። ጉሮሮዋን ጠረገች። «አብዱሽን ነው? እኔም ወደዚያው ነኝ፣ ና ልሸኝህ» አለችው። ይህችን ሐረግ ሒክማ ሆነ ብላ ነው ያስገባችው፤ የመጨረሻ ስጦታ ይሁነው ብላ።

ጋሽ ምንውዬለት በትሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ትከሻዋን ሊይዝ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ዝቅ አደረገው፤ ምናልባት አጭር ናት። ከፍ አደረገው። ወደ ጎን ወሰደው። አንድ ጎልማሳ በአጠገቡ ሲያልፍ ጥላው ከሽማግሌው ክንድ ጋር እንዳይነካካ ጎበጥ ብሎ ዞረ። ሴትየዋ በጆሮው ውስጥ «ና እንጂ» ትላለች። እጁን መለሰ፣ የኮቱን ደረት በመዳፉ አለሰለሰ፣ ሳይቸኩል ወደ ቤቱ ዞረ።

በማግሥቱ አልወጣም። በማግሥቱም አልወጣም። ካርታው ንጹሕ ነው። ከቢሮው ለሒክማ የእንኳን ደስ ያለሽ መልእክት መጣ።

ግንቦት ሃያ ሰባት በሩን አንኳኳች።

«ክፍት ነው ሒክማ» አለ ከውስጥ።

ቆማ ቀረች። እንዲጮህባት ፈልጋ ነበር የመጣችው።

«ጥሩ ሠርተሻል» አለ። «እውነቴን ነው። አንዱማ ሲስል አክታው ሁሉ ይሰማል።»

«ድምፆቹን አጥፍቻቸዋለሁ ጋሽ ምን። ሳልነግርህ ማድረግ አልነበረብኝም። ነገ ውጣና ሰው ጠይቅ።»

«ከጠየቅኩ ነጥቧ ትበራለች። ከበራች መንደር ነው።» ፊቱን ወደ ደጁ አዞረ። «መንገድ የለውም የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ እቀመጣለሁ። እዚህ ቢያንስ ደጄ ላይ መንገድ አለ። ሰው ሲያልፍ እሰማለሁ።»

«ተቀምጠህ ምን ልትሠራ?»

«እሰማለኋ። አልኩሽ እኮ። ደግሞ ያንቺም ወረቀት አለ። ሂጂ ተመረቂ፤ እናትሽ እልል ትበል።»

ግንቦት ሠላሳ ከተማዋ ምስክር ወረቀቷን ወሰደች። የቢሮው ኃላፊ «ድሬዳዋ ዛሬ ጥያቄ የሌለባት ከተማ ሆናለች» ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ ሁሉ በፍሬው እየተመራ፣ አንድም ሳይተራመስ፣ በየመስመሩ ቆሞ አጨበጨበ። ሒክማ የዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ተሰጣት። እናቷ እልል አለች። መምህርት ቢፍቱ አቅፋት «ሰውየው ቤቱ ቀረ አይደል? በአንቺ ነው» አለቻት።

«ቤቱ ቀረ» አለች ሒክማ። «ቤቱ ውስጥ ቀረ።»

መምህርቷ አየቻት።

ሒክማ ያን ቀን ከሰዓት የክፍተቱን ደንብ አውጥታ አነበበችው። ሦስት ዓመት ስታጠናው የኖረችው ደንብ ነው። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ክፍተት በጠያቂው ስም ይመዘገባል ይላል። ስለሚመልሰው ሰው ደንቡ አንድ ቃል አልተናገረም። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ማንም ትዝ ብሎት አልጻፈም። ሒክማ እስከዚያ ቀን ድረስ ሽማግሌውን እንዴት አድርጋ ጥያቄውን እንደምታስተወው ነበር ስትነድፍ የከረመችው። በንድፏ ውስጥ ያላስገባችው ራሷን ነበር።

ሰኔ አንድ ቀን አምስት ተኩል ላይ ደጁ ደረሰች። ጋሽ ምንውዬለት ከበሩ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ጫማዋን ሰምቶ ፈገግ ሊል ሲል ቀደመችው።

«ይቅርታ አባቴ» አለች። በሕይወቷ ሰውን መንገድ ጠይቃ አታውቅም። «የወርዶፋ ጃንጥላ ቤት በየት ነው?»

ሊጀምረው የነበረው ፈገግታ መንገድ ላይ ቀረ።

ወርዶፋ የሚባል ጃንጥላ ሻጭ የለም። ድሬ ላይ ጃንጥላ የሚሸጥ ሰው ድሮም በረሃብ ይሞት ነበር። ስሙን የፈጠረችው ሌሊቱን ሳይሆን አሁን፣ በሩ ጋ ስትደርስ ነው። ጆሮዋ ላይ ፍሬዋ በትሕትና ተናገረች። «ውድ ተጠቃሚ ሒክማ ጀማል፣ ቦታው የለም። አንድ ክፍተት በስምዎ ተመዝግቧል።» ምስክር ወረቀቱ ቢሮው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሃያ ሁለት ሰዓቱ ነበር።

«ነጥብ በራብሽ?» አለ ጋሽ ምንውዬለት ቀስ ብሎ።

«በራብኝ።»

«ያምማል?»

«አያምም።»

«ወረቀትሽንስ ቢቀሙሽ?»

«እኔ መንገድ ጠየቅኩህ፣ ጋሽ ምን። የማታውቀው ከሆነ ሌላ ሰው ልጠይቅ።»

ሽማግሌው ተቆጣ። በርጩማውን ወደኋላ ገፍቶ ብድግ አለ።

«ማን ነው የማያውቀው? ወርዶፋን? የትኛውን ነው፣ ረጅሙን ነው ጥርሰ ፍንጭቱን?»

ሒክማ አሰበች። «ጥርሰ ፍንጭቱን።»

«እሱማ ወንድሜ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። አንድ ክረምት እንዲህ ሆነልሽ፣ ነፋስ ሱቁ ገባና ጃንጥላዎቹን በሙሉ ከፈታቸው። ሱቁ ከነመደርደሪያው ተነሥቶ ሽንሌ ላይ ወረደ። ወርዶፋ ውስጡ ነው። ደንበኛም ውስጡ አለ፤ ‹ትንሿን ስንት ትላታለህ?› እያለ።» በትሩን ከግድግዳው አነሣ። ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ሒክማ ትከሻዋን ከሥሩ አስገባች። እጁ አረፈ። ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል።

ደጁን ወጡ። ፍሬዋ «ወደ ግራ አይታጠፉ» አለቻት፤ ወደ ግራ ታጠፉ። ሒክማ ከዚያ ማዶ ያለውን ሠፈር አይታው አታውቅም።

«ሩቅ ነው?» አለችው።

«ምን ሩቅ ነው» አለ ጋሽ ምንውዬለት። «እዚችው ናት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይም ገና እየሄዱ ነበር።